ባትሪው የት ገባ?
(በማኅበራችን የግማሽ ዓመት ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል መድረክ ላይ ሲወጣ የምትጠብቁት የቁጠባና የብድር ሪፖርት እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ታትሞ በእጃችሁ ገብቷል። ዛሬ ሰብሳቢያችን የፈቀዱልንን ጥቂት ደቂቃ የምንጠቀምበት ስለ ስልክ ባትሪ ለመናገር ነው። ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምተናል። እኛም መጀመሪያ ላይ ስቀን ነበር። ነገር ግን በዚህ ባትሪ ምክንያት አንዲት የቡድን ጸሐፊያችን ከኃላፊነቷ ልትነሳ ነበር፤ የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍነውም እኛው ነን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ዕዳ አለብን።

አምስቱ አዳዲስ ስማርት ስልኮች በደጋፊዎቻችን ገንዘብ ለአምስቱ ቡድኖች የተገዙበትን ምክንያት ታስታውሳላችሁ። እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ቡድኑ ሲሰበሰብ ጸሐፊዋ የመዝገቡን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልናለች። በቴሌብር የገባውንም ቁጠባ ከደረሳት መልእክት ጋር እዚያው አባላቱ ፊት ታመሳክራለች። ስልኩ ከዘጋ ማመሳከር አይኖርም። ያኔ "እኔ ልኬያለሁ"፣ "አልደረሰም" ይመጣል። ሃያ ሴት በተቀመጠችበት ቤት ይህ ንግግር ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አንነግራችሁም።

የወንዝ ዳሩ ቡድን ስልክ ሦስት እሁድ በተከታታይ ስብሰባው ሳያልቅ ዘጋ። ስልኩ ወር እንኳ አልሞላውም። ሳጥኑ ላይ 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ ይህ ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው፤ በደህና ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ከበቂ በላይ ነው። እንግዲህ አባላቱ ጠረጠሩ። "ቤቷ ስትወስደው ልጆቿ ቪዲዮ ያዩበታል" ተባለ። እኛም ማጣራት ሲገባን ደብዳቤ ጻፍን። ጸሐፊዋ በማግስቱ ስልኩን፣ ቻርጀሩንና መዝገቡን በፌስታል ይዛ ቢሮ መጣች። ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና "ቆጥራችሁ ተረከቡኝ" አለች። ሌላ ቃል አልተናገረችም።

መቁጠር ጀመርን።

ስልኩ የራሱ መዝገብ አለው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ባትሪ የሚለውን ብትነኩ፣ የትኛው አፕ ስንት ፐርሰንት እንደበላ፣ ስክሪኑ ስንት ሰዓት በርቶ እንደዋለ ይዘረዝራል። ቦታው ከስልክ ስልክ ትንሽ ቢለያይም ሁሉም ላይ አለ። በዚህ ስልክ ላይ ቪዲዮ የሚባል ነገር አልነበረም። ስክሪኑ በቀን የበራው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ከዝርዝሩ አናት ላይ የተቀመጠው የሞባይል ኔትወርክ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱን። ስልክ ባንነካውም ከኔትወርክ ማማው ጋር ሲነጋገር ነው የሚውለው። ማማው ሲርቅ ወይም በመካከል የሚከልል ነገር ሲኖር፣ ስልኩ እንዲሰማ ብሎ ኃይል ጨምሮ ይልካል፤ ከወንዝ ማዶ ያለች ጎረቤታችሁን ስትጣሩ እንደምትጮኹት ማለት ነው። ጭራሽ ሲጠፋበት ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ያ ቡድን የሚሰበሰበው ገደሉ ሥር ባለች፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ በሆነች ቤት ነው። ቆርቆሮ ብረት ስለሆነ ሞገዱን ይመልሳል። ጸሐፊያችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንጀራ የምትጋግረውም እዚያችው ቤት ነው። ስልኩ ሳምንቱን ሙሉ ሲጮህ ነበር የከረመው። ሁለት ሲም ካርድ ስለገባበት ፍለጋውም በሁለቱ በኩል ነበር።

ይህ ወጪው ነው። ሂሳብ ተምረን ገቢውን ሳናይ ወጪ ስናሳድድ መቆየታችን ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። "ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼው ነው የማድረው" ብላን ነበር፤ አላመንናትም። ቻርጀሩን አንስተን ጀርባውን በመነጽር አነበብነው፦ 5 ቮልት፣ 0.5 አምፔር። የድሮ የቁልፍ ስልኳ ቻርጀር ነው። ከስልኩ ጋር የመጣው ቻርጀር ላይ የተጻፈው 5 ቮልት፣ 2 አምፔር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ስታባዙ የሷ 2.5 ዋት፣ የስልኩ 10 ዋት ይሆናል፤ አራት እጥፍ። ይህን ባትሪ በ10 ዋት ለመሙላት ሦስት ሰዓት ገደማ ይበቃል። በ2.5 ዋት ግን ስምንት ሰዓት እንኳ ላይበቃ ይችላል። ያውም መብራት ሳይጠፋ ነው! ሌሊት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ጠዋት ላይ ሙሉ የመሰላት ባትሪ ግማሹን አልፎ ትንሽ ብቻ ነበር። ምልክቷ ትንሽ ስለሆነች ፐርሰንቱ በቁጥር ካልታየ አይለይም። እዚያው ባትሪ የሚለው ውስጥ "ፐርሰንት አሳይ" የሚለውን አብሩት።

ታዲያ የስልኩ ቻርጀር የት ነበር? ስልኮቹን ስናከፋፍል "ንብረት እንዳይጠፋ" ብለን ሳጥኖቹን ከነቻርጀራቸው ግምጃ ቤት የቆለፍነው እኛ ነን። አምስቱም እዚያው ተደርድረው አገኘናቸው። ደብዳቤውን የጻፍነው ከግምጃ ቤቱ በር ሦስት እርምጃ በማይርቅ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቻርጀሮቹን በማግስቱ ለየቡድኑ አስረከብን። ለወንዝ ዳሩ ስልክ የማይሠራውን ሁለተኛ ሲም አወጣንለት። ዳታው ፎቶ በሚላክበት ሰዓት ብቻ እንዲከፈት ተስማማን። ዳታ ቢዘጋም የቴሌብር መልእክት ይደርሳል፤ *127# ደግሞ ያለ ዳታ ይሠራል። ጸሐፊዋ ቤት ውስጥ ስትሆን ስልኩን ኔትወርክ በሚሻልበት በበሩ በኩል፣ ከምጣዱ ርቆ ታንጠለጥለዋለች። ከምጣዱ ማራቁ ለኔትወርኩ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ ሙቀት ባትሪን ያስረጀዋል፣ ያረጀ ባትሪ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም። ምጣድ አጠገብ ወይም ትራስ ሥር አድርጋችሁ ቻርጅ የምታደርጉ፣ እባካችሁ ተዉት። በተከታዩ እሁድ ስብሰባው ሲያልቅ 46 ፐርሰንት ቀርቶት ነበር።

ከዚያ ሌሎቹንም አራት ስልኮች መመርመር እንዳለብን ተሰማን። ያደረግነው ይህ ነው፤ ማንኛችሁም ቤታችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ስልኩን መቶ አድርሳችሁ ማታ 3 ሰዓት ላይ የአውሮፕላኗን ምልክት ትነካላችሁ፤ ፍላይት ሞድ ይሉታል፣ ኔትወርኩን ሁሉ ይዘጋል። ዋይፋይም ብሉቱዝም እንደጠፋ አይታችሁ ሳትነኩት ታድራላችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቁጥሩን በወረቀት ትጽፋላችሁ። ጤነኛ ስልክ እንዲህ አድሮ የሚያጣው ጥቂት ነው። ሦስቱ ስልኮች ከ97 በታች አልወረዱም። አንደኛው፣ የኮንዶሚኒየሙ ቡድን ስልክ፣ 71 ላይ ነበር። ምንም ሳይሠራ ሞቋል። በሁለተኛው ሌሊት ከውጭ የጫንናቸውን አፖች ሁሉ በሚያስቆመው ሴፍ ሞድ አሳደርነው፤ ያው ሆነ። በሦስተኛውም ያው። ቀን ላይ ደግሞ ከ38 በአንዴ ወደ 9 ሲወርድ በዓይናችን አየን። እንዲህ ያለው የአጠቃቀም ጉዳይ አይደለም፤ የስልኩ ራሱ ነው። በነገራችን ላይ፣ የስልካችሁ ጀርባ ካበጠ ምርመራም አያስፈልገው፤ ቻርጅ ሳታደርጉ፣ ሳትጫኑት፣ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ሱቁ መጀመሪያ "ባትሪ ዋስትና ውስጥ አይገባም" አለን። ደረሰኙን፣ የዋስትና ወረቀቱንና የሦስቱን ሌሊት ቁጥር አቀረብን። "ይህ እኛ የሸጥነው ስልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?" አሉ። *#06# ሲደወል የሚወጣውን 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር በግዥው ቀን ንብረት መዝገባችን ላይ ጽፈን፣ በደረሰኙም ላይ አስጽፈን ነበር። አመሳከሩት፤ ገጠመ። ከአራት ቀን በኋላ ሌላ ስልክ ሰጡን። ለደጋፊዎቻችን የምንለው፣ የገዛችሁልን አምስቱም ስልኮች ዛሬ ሥራ ላይ ናቸው።

በየቡድኑ ስንዞር የተጠየቅናቸው ጥያቄዎች ስላሉ ባጭሩ እንመልሳቸው። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ባትሪ ቢበላ አትደንግጡ፤ ማሻሻያ ያወርዳል፣ የድሮ ፎቶዎቻችሁን ያስገባል፣ በውስጡ ብዙ ያደራጃል። ሳምንት ካለፈው በኋላም ካልተሻሻለ ያኔ መርምሩት። "አዲስ ስልክ መጀመሪያ 8 ሰዓት ቻርጅ ይደረግ፣ ሳይዘጋ አይሰካ" የሚባለው ከድሮዎቹ የኒኬል ባትሪዎች የቀረ ነው። የዛሬዎቹ ሊቲየም ናቸው፤ እንዲያውም ዜሮ እስኪሆኑ መጠበቅ ይጎዳቸዋል፣ 20 ገደማ ሲደርሱ መሰካት ይሻላል። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ማድረግ ያለ ወጪ የሚገኝ ትልቅ ቁጠባ ነው። ስክሪኑን ጥቁር ማድረግ የሚረዳው ግን አሞሌድ የሚባለውን ስክሪን ነው፤ የእኛዎቹ ኤልሲዲ ስለሆኑ ጥቁርም ነጭም ብታደርጉት ለባትሪው ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። ባትሪ ቆጣቢ ነን የሚሉ አፖችን አትጫኑ፤ ከኋላ ሆነው የሚሠሩት፣ ማስታወቂያ የሚያሳዩትም በእናንተው ባትሪ ነው። አፖችን በየደቂቃው እየጠረጉ መዝጋትም እንደዚሁ ነው፤ ስልኩ እንደገና ከመጀመሪያው ሲከፍታቸው ይበልጥ ይደክማል።

ወደ ጸሐፊያችን እንመለስ። ደብዳቤውን ሽረነዋል፤ መሻሩም ለምን እንደሆነ በቡድኑ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፏል። ይቅርታ የጠየቅነው ቤቷ ሄደን ነው። ቡና አፈላችልን፣ ግን ወዲያው አልፈታችንም። መዝገቡን ለመረከብ ሁለት ሳምንት አስባለች፤ በእነዚያ ሁለት እሁዶች ደብተሩን የያዝነው እኛ ነበርን፣ ከእሷ ይልቅ እኛ ብዙ ተሳሳትን። አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። እንድትነሳ አንጠይቃትም፤ እንደማትወደው ነግራናለች።

ሻይ ዕረፍት ላይ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ እንቀመጣለን። ስልካችሁን ከነቻርጀራችሁ የያዛችሁ ጎራ በሉ። ያልያዛችሁ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ቢሮ አለን። የቻርጀር ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ነውና መነጽር የሌላችሁ አትጨነቁ፤ እኛ እናነብላችኋለን።