ዕጣና መድኃኒት
(በበዓሉ ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



አንድ በሽተኛ መድኃኒት ጠጥቶ ቢድን ያዳነው መድኃኒቱ ነው ብለን ወዲያው እንፈርዳለን። ነገር ግን ሳይቀምሱት የሚድኑ አሉ፤ ጠጥተውም የሚሞቱ አሉ። ይህን ለመለየት የሐኪም ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ በጥንቃቄ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል ነበር (1897–1991፤ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ)።

ሂል ሐኪም ለመሆን አስቦ ነበር። ዳሩ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ነጂ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከሞት አፋፍ ደረሰ። በተኛበት አልጋ ላይ በደብዳቤ ኢኮኖሚክስ ተማረ። ኋላም በለንደን ሐኪሞችን የሚያስተምር ሆነ፤ በ1937 ያሳተመውም መጽሐፍ ሒሳብ ለሚከብዳቸው ሐኪሞች በቀላል ቋንቋ የተጻፈ ነው።

በ1947 ስትሬፕቶማይሲን የሚባለው መድኃኒት ያን የሂልን የቀድሞ በሽታ ይፈውስ እንደ ሆነ በእንግሊዝ አገር ይመረመር ጀመር። የተገኘው ግን ለሁሉ አይበቃም። ታዲያ ለማን ይሰጥ? ሐኪም ቢመርጥ ተስፋ ያለውን ይመርጣል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ያላዳነውን አዳነ ይባላል። ስለዚህ ሂል ነገሩን ለዕጣ ሰጠው። ማትያስም ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ አይደለምን? የእያንዳንዱ በሽተኛ ዕጣ በታሸገ ፖስታ ተቀመጠ፤ ፖስታውም የሚከፈተው በሽተኛው ለምርመራው ከተመረጠ በኋላ ነበር። ራጁን የሚያነቡትም ሐኪሞች መድኃኒቱ ለማን እንደ ደረሰ አያውቁም።

ከ107 በሽተኞች 55ቱ መድኃኒቱን አገኙ፤ 52ቱ እንደ ዘመኑ ልማድ በአልጋ ዕረፍት ብቻ ታከሙ። በስድስት ወር ውስጥ ከፊተኞቹ 4፣ ከኋለኞቹ 14 ሞቱ።

52ቱን መከልከል ግፍ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን፣ ለሁሉ ካልበቃ ዘንድ፣ ዕጣ ከአማላጅና ከዘመድ ይሻላል እላለሁ። የማልቀበለው ሌላ ነገር ነው፤ እነዚያ 52 ሰዎች በምርመራ ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር። ዛሬ እንዲህ ማድረግ ክልክል ነው።

ደስታውም ሙሉ አልነበረም። ተሐዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱት ስለ ሄዱ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ከ55ቱ 32፣ ከ52ቱ 35 ሞቱ። ቆጠራው ባይቀጥል ኖሮ የስድስቱ ወር ውጤት ብቻ በተወራ ነበር። ሁለተኛ መድኃኒት ቢጨመርበትስ? ይህንንም ለማወቅ በሽተኞች እንደ ገና በዕጣ ተከፈሉ፤ ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ተሐዋስያኑ በቀላሉ እንደማይለምዷቸው በ1950 ታወቀ።