ዲኤክስ እና ዝነኛዋ ዘመዷ

(የመኪና ሞተር ድምፅ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲና አቃቂ ስትጓዙ፣ ማዕዘናማዋን ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ታዩ ይሆናል። ይህ ትውልድ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የሞተሩ ጉልበት የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎችን ነው።

በ1983 ቶዮታ የኮሮላን የቤት መኪና ወደ ፊት ጎማ አንቀሳቃሽነት ቀየረ። የስፖርት ኩፔዎቹን፣ ሌቪንንና ትሩኖን፣ ግን በዲኤክስ ትውልድ መሠረት ላይ አቆያቸው። ከእነዚህ ኩፔዎች ኤኢ 86 የተባለው ሞዴል 1.6 ሊትር፣ ባለ 16 ቫልቭ ሞተር ነበረው። ክብደቱ ቀላልና የኋላ ጎማ ነጂ በመሆኑ፣ መኪናን እያንሸራተቱ በሚነዱበት የድሪፍት ውድድር ዓለም አወቀው። ምርቱ በ1987 አበቃ።

ዲኤክስ ያላችሁ አድማጮች፣ መኪናችሁ የዚህ ታሪክ አካል ናትና በደንብ ያዟት።