ቤታችን ያለበት ቦታና የምንራመድበት መንገድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



የዓመቱን የሒሳብ ሪፖርት ጠዋት አቅርቤ ጨርሻለሁ። አሁን ደግሞ ስለ እግር ጉዞና ስለ ስፖርት ልናገር ስነሣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» የምትሉ አትጠፉም። ነገሩ ግን የመጣው ከዚያው ከሒሳቡ ነው። ዘንድሮ ከቁጠባ ሣጥናችን ለሕክምና የወጣውን ብድር ስደምር፣ አብዛኛው ለስኳርና ለደም ግፊት የተወሰደ ሆኖ አገኘሁት። ከተበዳሪዎቹ አንዷ የእኔው እናት ናት።

ሐኪሙ ለእናቴ ክኒኑን ካዘዘላት በኋላ «በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን በእግርዎ ይሂዱ» አላት። ምክሩ ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። እናቴ ሰምታ ስታበቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፦ «የት ልሂድ ልጄ?» ሐኪሙ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

እውነት የት ትሂድ? የምንኖረው ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነው። ከበራችን እስከ አጥሩ ያለው ቦታ የልብስ ማስጫና የከሰል ማስቀመጫ ነው። ከግቢ ሲወጡ ክፍት ቦይ ያለበት ጠባብ መንገድ ነው፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ከዚያ ቀጥሎ ከደምበጫ ወደ ቡሬ የሚያልፈው አስፋልት ነው፤ እሱም የከባድ መኪናና የባጃጅ ነው። ሜዳ አለ ቢባል እንኳ የወጣት ወንዶች የኳስ ሜዳ ነው። አንዲት እናት ነጠላዋን ለብሳ ሜዳ ብትዞር «ምን ጠፋባቸው?» ይባላል። የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም፣ የሰላም መንገድ ነው። ለእናቴ ግን የምትሄድበት መንገድ አልተገኘም።

እኛ የሒሳብ ሰዎች «የዞረ ሒሳብ» የምንለው ነገር አለ። ዓመቱ ሲዘጋ ያልተከፈለው ዕዳ አይጠፋም፤ በአዲሱ መዝገብ የመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፋል። የመኖሪያ ቦታ አድልዎም እንዲሁ ነው። የእኔን ቤተሰብ የሦስት ትውልድ መዝገብ ልክፈትላችሁ።

አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። በእኛ አገር ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው ምን ሲባሉ እንደኖሩ ታውቃላችሁ። በእነሱ ድስት ወጥ እየተሠራ፣ በእነሱ ማረሻ እየታረሰ፣ ስማቸው ግን ስድብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። ስድቡን አዋጅ ከለከለው እንጂ መሬት አልሰጣቸውም። አብዛኞቹ ርስት ስላልነበራቸው ቤታቸው ከመንደሩ ዳር፣ ከቁልቁለቱ፣ ሌላው ከማይፈልገው ቦታ ላይ ነበር።

አያቴ እንደምትነግረን፣ ከደጃቸው ሰፊ ሜዳ ነበረ። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይባላል፤ የእሷ ወንድሞች ግን ጨዋታውን ከጉብታው ላይ ሆነው ነበር የሚያዩት። የሚጠራቸው አልነበረም። እሷ ደግሞ ሴት ስለሆነች ማየቱም አልተፈቀደላትም። ከዚህ የተማርኩት ሜዳ ማጣት አንድ ነገር፣ ሜዳ እያለ አለመጠራት ሌላ ነገር መሆኑን ነው።

በአያቴ ዘመን ሰውን ከዳር ያስቀመጠው ልማድ ነው። በከተማ ደግሞ በፕላን ተደርጓል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ነጩንና አበሻውን በሰፈር የሚለይ የከተማ ፕላን አወጣ። የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ ለአገሬው ሰው ተብሎ በተለየው ቦታ ተተከለ፤ መርካቶ የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው፤ ፖፖላሬ ደግሞ ለጣሊያን ሠራተኞች ከተሠሩት። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ወጣ፤ የሰፈሮቹ ስምና የመንገዱ መስመር ግን ቀረ።

ዕዳው እንዴት እንደሚዞር ከባሕር ማዶም ምሳሌ አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የመንግሥት የቤት ብድር ተቋም የከተሞችን ካርታ በቀለም ከፋፍሎ ነበር። ጥቁሮች የሚበዙባቸው ሰፈሮች በቀይ ቀለም «አደገኛ» ተብለው ተመዘገቡ። በዘመናችን ተመራማሪዎች ሲለኩ፣ በቀይ የተቀቡት ሰፈሮች በአማካይ የዛፍ ጥላቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል። ካርታውን የሳሉት ሰዎች የሉም። ዛሬ በእነዚያ ሰፈሮች የሚኖሩት ግን ያለ ጥላ ይራመዳሉ።

ወደ እናቴ ልመለስ። በ1967 ዓ.ም. ሁለት ትልልቅ አዋጆች ወጡ። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት የሕዝብ አደረገ፤ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ የድሃው ኪራይም ተቀነሰ። እናቴ ከገጠር ወጥታ የቀበሌ ቤት ስታገኝ «አሁን ሰው ሆንኩ» አለች። ይህን ውለታ አልክድም። ግን ከዚያች አነስተኛ ኪራይ የእድሳት ገንዘብ አልወጣም። ሰው ሲበዛ ቤቱ ላይ ቀጥል ተቀጠለ፣ ግቢው በማድ ቤት ሞላ፣ መጸዳጃውም ውኃውም የጋራ ሆነ። በመጨረሻም ልጅ የሚሮጥበት ቦታ ጠፋ። ያ ቤት ሲፈርስ እኛ ወደ ኪራይ ወጣን።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። የሊዝ ሕግ በ1986 ዓ.ም. ከመጣ ጀምሮ የከተማ ቦታ ዋጋው በካሬ ሜትር ይሰላል። ክፍት ሜዳም በብዙ ሰው ዓይን ያልተሸጠ ገንዘብ ሆኖ ይታያል። እኔ ቡሬ ስማር ከሰው ግቢ በስተጀርባ ክፍል ተከራይቼ ነበር። አከራዬ የመጀመሪያ ቀን የነገሩኝ «እንግዳ አይመጣም፣ ግቢ ውስጥ መቀመጥ የለም» የሚል ነበር። ዛሬ የራሴ ልጅ ኳሷን አቅፋ አልጋ ላይ ትቀመጣለች። አያቴ ከጉብታ ላይ የተባረረች፣ የእኔ ልጅ በመስኮት የምታይ። ዕዳው ዞሮ ዞሮ እዚህ ደርሷል።

«እኛ ውኃ እየቀዳን፣ እንጨት እየተሸከምን ምን ስፖርት ያስፈልገናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፣ እሱም እንቅስቃሴ ነው። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ከምድጃ ሥር ተቀምጣ የምትነግደው፣ ስፌት ላይ የምትውለው፣ ጉልበቷ የደከመው እናት ያ የላትም። ደግሞም ሸክም ተሸክሞ መሄድና ንፋስ እየተቀበሉ መሄድ ለነፍስ አንድ አይደሉም። ሰላም ሲደፈርስ ያለችውም መንገድ እንደምትዘጋብን ሁላችን አይተናል።

በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች «መንገድ ለሰው» ተብሎ እሑድ እሑድ መንገድ ለመኪና ሲዘጋ፣ ሕዝቡ አስፋልቱ ላይ ሲሮጥና ሲጫወት በቴሌቪዥን አይተናል። ሰው መንቀሳቀስ አይጠላም፤ ቦታ አጥቶ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማት በዋና ከተማችን ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ተሠርተዋል። መንገዱ አምሯል። ሆኖም ከዚያ ስፍራ ብዙ የቀበሌ ቤት ነዋሪዎች ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የእኛም ከተማ ሲያምር ነባሯ ድሃ እናት እዚያው እንድትራመድበት ከወዲሁ እንናገር።

ስለዚህ አራት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ አከራይ የሆናችሁ እህቶቼ፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የተከራይ ልጆች በቀን አንድ ሰዓት ግቢ ውስጥ እንዲጫወቱ ፍቀዱላቸው። ይህ ምንም ብር አያስወጣም።

ሁለተኛ፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በቡድን በቡድን ሆነን እንሂድ። አንዲት እናት ብቻዋን ስትሄድ «ምን ሆነች?» ይላታል፤ ሃያ ሆነን ስንሄድ ግን ለምዶት መንገድ ይለቅልናል።

ሦስተኛ፣ በየተከራይ ሰፈሩ የቀሩትን ክፍት ቦታዎች እንመዝግብና፣ በከተማው ፕላን ላይ ለሕዝብ መዝናኛ እንዲያዙልን በማኅበሩ ማኅተም እንጠይቅ። ካርታ የሌለው ሜዳ ነገ የሰው ቤት ነው።

አራተኛ፣ አጋሮቻችን ሆይ፤ የስፖርት መሣሪያ ልትገዙልን እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን መሣሪያውን የምናስቀምጥበት ቤት የለንም። በዚያው ገንዘብ ቦዩ ቢከደን፣ መንገዱ ላይ መብራት ቢተከል፣ ከሜዳው ዳር የሴቶች መጸዳጃ ቢሠራ ይሻለናል። የወጪ ግምቱን አዘጋጅቻለሁ፤ ስንወጣ እሰጣችኋለሁ።

እናቴ እዚህ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ስትወጣ «የት ልሂድ?» እንዳትል አብራችኋት ትሄዱላት ዘንድ እለምናችኋለሁ።