የስልኩ መሐንዲስና ጆሯችን

እህቶቼ፣ ቀኝ ጆሮዬ መጮህ ከጀመረ ስምንት ወሩ ነው። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ይብስበታል። ምንጣፉን በቫኪዩም ስጠርግ መዝሙሩ እንዲሰማኝ ኢርፎኑን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ነበር የምሠራው። በኋላ ማዳም ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ስትጠራኝ አልሰማ አልኩ። ሐኪሙ ነገሩን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጆሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ የስልክ መሐንዲስ ላይ ደረስኩ።

ጌዮርግ ፎን ቤኬሺ ይባላል፤ በ1899 ቡዳፔስት የተወለደ የሀንጋሪ ሰው ነው። ዓመቶቹን የምነግራችሁ በፈረንጅ ነው። የሚሠራው በአገሩ ፖስታና ስልክ ቤተ ሙከራ ነበር። የስልክ ድምፅ እንዲጠራ መሻሻል ያለበት ሽቦው ነው ወይስ ማዳመጫው? ይህን ለማወቅ መጀመሪያ ተቀባዩን፣ ጆሮን፣ ማወቅ አስፈለገው። ስለዚህ ከሞቱ ሰዎች ጆሮ እየወሰደ መረመረ። ከጆሮ ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዘ፣ ፈሳሽ የሞላበት ነገር አለ፤ በመካከሉ ስስ ሽፋን ተዘርግቷል። የብር ብናኝ ነስንሶ፣ ብልጭ ድርግም በሚል መብራት፣ በማይክሮስኮፕ አየ። ድምፅ ሲገባ በሽፋኑ ላይ ማዕበል ይጓዛል፤ ቀጭኑ ድምፅ መግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሙ ጫፉ ዘንድ ከፍ ይላል። በዚህ ሥራው በ1961 ኖቤል ተሸለመ።

ግን ያየው የሞተ ጆሮ ነው። ቶማስ ጎልድ የቪየና ተወላጅ መሐንዲስ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ አገር የጠላት አገር ሰው ተብሎ ታስሮ ነበር። በስደት መጠርጠርን እኛም እናውቀዋለን። እሱ በ1948 አሰላና እንዲህ አለ፦ ፈሳሽ ውስጥ ንዝረት ቶሎ ይጠፋል፤ ሕያው ጆሮ ያን ያህል ረቂቅ ድምፅ የሚለየው ራሱ ጉልበት እየጨመረበት ቢሆን ነው። ያመነው ጥቂት ሰው ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ዴቪድ ኬምፕ የሚባል ተመራማሪ ለንደን ውስጥ በትንሽ ማይክሮፎን ጆሮ ራሱ ድምፅ ሲያወጣ ቀዳ። ዛሬ በብዙ አገር አዲስ የተወለዱ ሕፃናት መስማታቸው በዚሁ ይመረመራል።

ጉልበቱን የሚጨምሩት ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሕዋሳት ናቸው። ሌሎቹ ለአንጎል የሚያስተላልፉት ተደምረው በአንድ ጆሮ ወደ 15 ሺህ ይሆናሉ። ከፍተኛ ድምፅ ይገድላቸዋል፤ የሰው ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መዝሙር ይሁን ዘፈን አይለዩም። እኔ መዝሙር ስለሆነ አይጎዳኝም ብዬ ነበር።

ሐኪሙ ጩኸቱ ላይለቀኝ እንደሚችል ነግሮኛል። አሁን ስጠርግ ኢርፎኑን ኩሽና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። እናቴ ስትደውል ስልኩን የምይዘው በግራ ጆሮዬ ነው።