ስለ ኖርዌጅኛ ጥምር ቃላት አከፋፈልና አነባበብ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዘንድሮው የንግግር ተራ ለእኔ ሲደርስ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኃይል ማመንጫ እንድናገር የጠበቃችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። እኔ የመረጥሁት ግን ስለ ማንኪያ፣ ስለ ወይን ጠጅ ብርጭቆና ስለ ሌሊት ባቡር መናገርን ነው። ይኸውም እነዚህ ነገሮች በኖርዌይ ቋንቋ የሚጠሩባቸው ቃላት የት ላይ እንደሚከፈሉና እንዴት እንደሚነበቡ ለማስረዳት ነው። በዚያ አገር በትምህርትና በሥራ በቆየሁበት ጊዜ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ከሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ጋር ሠርቻለሁ። ጉዳዩ የቋንቋ ሊቃውንት ብቻ ሳይሆን የመሐንዲስም ጣጣ መሆኑን የተረዳሁት በዚያ ጊዜ ነው።

ኖርዌጅኛ እንደ ጎረቤቶቹ እንደ ስዊድንኛና እንደ ዴንማርክኛ ሁሉ፣ ሁለትና ከዚያም በላይ የሆኑ ቃላትን ያለ ክፍተት አያይዞ አንድ ቃል ያደርጋል። ዛሬ ቡክሞልና ኒኖሽክ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1885 በፓርላማ ውሳኔ እኩልነት ያገኙት ሁለቱ የጽሕፈት ሥርዓቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም በዚህ ረገድ አንድ ናቸው። በቡክሞል «የሰብአዊ መብት ድርጅቶቹ» ለማለት «መነስከረቲሄትስኦርጋኒሳሹነነ» ተብሎ ሲጻፍ 33 የላቲን ፊደላት ያለ አንዳች ክፍተት ተከታትለው ይሄዳሉ።

ይህን የመሰለ ቃል የመስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ መቆረጥ አለበት። ደንቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ጥምር ቃል በመገጣጠሚያው ላይ ይቆረጣል፤ ነጠላ ቃል ከሆነ ግን በሁለቱ አናባቢዎች መካከል ካሉት ተነባቢዎች የመጨረሻው አንዱ ወደ ሚቀጥለው መስመር ይሻገራል። ሁለተኛውን ለማሽን ማስተማር ቀላል ነው። የመጀመሪያው ግን ቃሉን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ መገጣጠሚያው በፊደሉ ላይ አይታይምና።

ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን ላቅርብ። «ማትሼ» የሾርባ ማንኪያ ነው፤ «ማት» ምግብ፣ «ሼ» ማንኪያ። «ኢስኼለር» በረዶ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ነው፤ «ኢስ» በረዶ፣ «ኼለር» ምድር ቤት። በላቲኑ ጽሑፍ ኤስ፣ ኬና ጄ የሚባሉት ፊደላት በሁለቱም ቃላት መካከል በዚሁ ቅደም ተከተል ተደርድረው ይገኛሉ። በመጀመሪያው ቃል ሦስቱም የማንኪያው ናቸውና እንደ አንድ «ሽ» ይነበባሉ። በሁለተኛው ግን ኤስ የበረዶው ነው፤ ኬና ጄ ደግሞ ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ የሚወጣውን፣ በእኛ «ሽ» እና «ኽ» መካከል ያለውን ለስላሳ ድምፅ ይሰጣሉ። (ወጣቶቹ ይህን ድምፅ ከ«ሽ» ጋር እየቀላቀሉት በመምጣታቸው ሽማግሌዎቹ ሲያዝኑ ሰምቻለሁ።) ማንኪያውን ከኤስ በኋላ የቆረጠ ማሽን «ኼ»ን ለብቻው ያስቀራል፤ «ኼ» ማለት ደግሞ የፍየል ግልገል ነው።

«ቪንግላስ» የወይን ጠጅ ብርጭቆ ነው፤ «ቪን» ወይን፣ «ግላስ» ብርጭቆ። ኤንና ጂ በነጠላ ቃል ውስጥ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ በአፍንጫ የሚወጣ አንድ ድምፅ ይሆናሉ፤ ክንፍ ማለት በሆነው «ቪንገ» ውስጥ ጂ ለብቻዋ አትሰማም። በብርጭቆው ውስጥ ግን ኤን የወይኑ፣ ጂ የብርጭቆው ስለሆኑ ሁለቱም በየራሳቸው ይሰማሉ። ከዚህም በላይ የ«ቪን» አናባቢ ረዥም ነው፤ መገጣጠሚያውን የሳተ አንባቢ ያሳጥረዋል። የሚተርፈው «ላስ» ጭነት ማለት በመሆኑ፣ የአውሮፕላን መሐንዲሶቻችን ይቅር ይበሉኝና፣ የወይኑ ብርጭቆ የክንፍ ጭነት ይመስላል። አንድ የመቁረጥ ስሕተት ሦስት የንባብ ስሕተት ወለደ ማለት ነው።

የሌሊቱ ባቡር ነገር ደግሞ የተለየ ነው። «ናት» (ሌሊት) በሁለት ቲ ይጨርሳል፤ «ቶግ» (ባቡር) በአንድ ቲ ይጀምራል። ሦስት ተመሳሳይ ተነባቢዎች በተከታታይ ስለማይጻፉ አንዱ ይወድቃል። ቃሉ በመስመር መጨረሻ ሲቆረጥ ግን የወደቀው ፊደል ይመለሳል። ስለሆነም የጽሕፈት ማሽኑ ጭረት ማስገባት ብቻ አይበቃውም፤ በጽሑፉ ላይ የሌለ ፊደል መጨመር አለበት። በኮምፒዩተር ፊደላት መካከል የማይታይ ጭረት የሚባል ምልክት አለ፤ ለዚህ ቃል ግን እርሱም አያድነውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስቸግረው ዜማው ነው። በምሥራቅ ኖርዌይ አነጋገር ገበሬዎችና ባቄላ ሁለቱም «በነር» ይባላሉ፤ የሚለዩት በድምፅ ዜማ ብቻ ነው። ጥምር ቃል በተለምዶ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ዋናውን ጫና ይዞ በአንድ ዜማ ይነገራል። ሁለተኛው ክፍል ዋናውን ጫና ቢያጣም የአናባቢውን ርዝመት አይለቅም። ዜማው ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል፤ በአንዳንድ የሰሜን አካባቢዎች ጨርሶ የለም። ጽሑፉ ተለያይቶ ሲጻፍ ግን በአንዱ ጫና ፈንታ ሁለት ይመጣል፤ ትርጉሙም አብሮ ይሄዳል። «ላመሎር» በአንድነት ሲጻፍ የበግ ጭን ሥጋ ነው፤ ለያይቶ የጻፈ ሥጋ ሻጭ ሽባ ጭኖች ማቅረቡን ያስታውቃል። «ሮይክፍሪት» ማጨስ የሌለበት ማለት ነው፤ ሲለያይ «እንደ ልብህ አጭስ» የሚል ትእዛዝ ይሆናል። ኖርዌያውያን በዚህ ነገር ይስቃሉ፤ ይቆጣሉም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ኮምፒዩተሩ ደንቡን ራሱ ቢያወጣስ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1983 ፍራንክ ሊያንግ የተባለ ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ጥናት ለእንግሊዝኛ እንዲህ አድርጓል። ከአንድ የኪስ መዝገበ ቃላት የቃላት ዝርዝር 4,500 ያህል አጫጭር የፊደል ቅርጾችን አውጥቶ፣ ከመቁረጫ ቦታዎቹ 89 ከመቶውን ያለ ስሕተት ለማለት በሚቻል ሁኔታ አገኘ። ዶናልድ ክኑት ቴክ የተባለውን የጽሕፈት ፕሮግራሙን በዚህ ዘዴ አሠርቶታል፤ ለኖርዌጅኛም ተመሳሳይ ቅርጾች ተዘጋጅተዋል። ዘዴውን አደንቃለሁ። ነገር ግን ፊደልን እንጂ ትርጉምን አያይም፤ ኖርዌያዊ ደግሞ በመዝገበ ቃላት የሌለ ጥምር ቃል ቁርስ ላይ ፈጥሮ ምሳ ላይ ይረሳዋል። የታተመ ጋዜጣ ላይ በተሳሳተ ቦታ የገባ ጭረት ዓይንን ጥቂት ያስቸግራል እንጂ ጉዳት አያደርስም፤ ዓይን ወደ ኋላ ተመልሶ ያርመዋልና። በድምፅ ግን እንደዚህ አይደለም።

በኖርዌይ የድምፅና የብሬል መጻሕፍት የሚያቀርበው የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መጻሕፍትን በሰው ሠራሽ ድምፅ ያዘጋጃል። እኔ በነበርሁበት ሥራ ድምፁን ይፈትንልን የነበረ አንድ ዓይነ ስውር የሕግ ተማሪ ነበር። የሕግ ጽሑፍ በረዣዥም ጥምር ቃላት የተሞላ ነው። መሣሪያው አንዱን በተሳሳተ ቦታ ቆርጦ ሲያነብበት ተማሪው ያቆመዋል፤ ቃሉን ፊደል በፊደል ያስነብበዋል፤ በልቡ ይገጣጥመዋል፤ ከዚያ አንቀጹን ከመጀመሪያው ይሰማል። ጓደኞቹ በአንድ ሌሊት የሚጨርሱትን ምዕራፍ እርሱ በሁለት ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ፈተናው ግን የሚውለው በአንድ ቀን ነው። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ቁርጥ ያለ ነው፤ በቃላት መዝገቡ ውስጥ እያንዳንዱ ጥምር ቃል ከመገጣጠሚያ ምልክቱ፣ ከወደቀው ፊደልና ከዜማው ጋር ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው እጅ ይመዝገብ፤ የፊደል ቅርጾቹ ዘዴ መዝገቡ ለማያውቀው ቃል ብቻ ይጠራ። ወጪው ከፍ ያለ መሆኑን አልክድም።

የእኛ ፊደል ከዚህ ጣጣ በከፊል ነፃ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለያዘ፣ የብራና ጸሐፊዎቻችን መስመሩ ባለቀበት ቦታ ቃሉን ቆርጠው ወደ ታች ሲወርዱ አንባቢው አይሰናከልም ነበር። ነገር ግን «ገና» ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር መሆኑን ጽሑፉ አይነግረንም፤ የኖርዌጅኛ መገጣጠሚያ እንደማይታይ ሁሉ የእኛ መጥበቅም አይታይም። በዩኒኮድ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ በግእዝ ፊደል ራስ ላይ የሚቀመጥ የማጥበቂያ ምልክት ቦታ ተሰጥቶታል። በአማርኛ ድምፅ ላይ ሥራ የጀመራችሁ ወጣት አባሎቻችን፣ የቃላት መዝገባችሁን ስታዘጋጁ ምልክቱን ከመጀመሪያው ቃል ጀምራችሁ እንድታስገቡ እጠይቃለሁ፤ መቶ ሺህ ቃል ከተመዘገበ በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ ማጥበቅ እንዴት ያለ ድካም እንደሆነ የኖርዌይ ባልደረቦቼ በመገጣጠሚያዎቻቸው አይተውታል።