ሲያሸንፉ «የእኛ»፣ ሲፈናቀሉ የማን?

(ዲላ ከተማ ውስጥ ለኳስ አፍቃሪዎች ከተደረገ ንግግር)

ስለ ስፖርትና ስለ አገር ተናገር ካላችሁኝ ከሮም ልነሳ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ የሙሶሊኒ ጦር ከአክሱም በወሰደው ሐውልት አጠገብ አልፎ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ወራሪው ከአገራችን ከተባረረ ገና 19 ዓመቱ ነበር! ያን ቀን ኢትዮጵያዊነት ምን እንደሆነ ለማስረዳት መጽሐፍ አላስፈለገም።

ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። በዚያው በፈረንጆቹ 1960 እዚሁ ጌዴኦ ውስጥ፣ ሚጪሌ ላይ የሆነውንስ ስንቶቻችን እናነሳለን? ቡናውን የሚያለማው ጭሰኛ «የባለርስቱ ግፍ በዛብኝ» ብሎ ጦርና ጎራዴ ይዞ ተነሳ። የጠበቀው ጠመንጃ ነው። አበበን ማሳነሴ አይደለም፤ ምላሴን ይቁረጠው! ባንዲራው አንድ፣ ኑሮው ግን ሁለት ነበር ማለቴ ነው።

ደግሞ ኳሱን እንይ። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከግብፅ ጋር 2 ለ 2 ሆነን፣ በተጨማሪው ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ በላን። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት። አስቡት እንግዲህ! ደሙን ለክተን ቢሆን ኖሮ ያ ዋንጫ ካይሮ በሄደ ነበር። በደርግ ዘመን ግን ያ አምበል አገር ጥሎ ጣሊያን ተሰደደ። ዋንጫውን አስቀርተን ሰውየውን ሸኘነው!

«ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀልም» የሚሉን አሉ። አበበ ሮም ላይ የሮጠው ታዲያ ምን ነበር? ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ ሁለተኛ ሲገባ እጆቹን አጣምሮ የወገኑን ሞት ለዓለም አሳየ፤ አገሩ ሳይመለስ ሁለት ዓመት ቆየ። በጥቅምት 2011 ሲመለስ ባለሥልጣናቱ ቦሌ ወጥተው ተቀበሉት። ወይ ጊዜ! ሜዳሊያ ሲመጣማ ከሯጩ ይፈጥናሉ።

ወደ ቤታችን ልግባ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ፤ አብዛኛው ጌዴኦ ነው። ያኔ አበባ ይዞ የመጣ አላየሁም። ቡናችንን የሚጠጣው ዓለም ስማችንን የሰማው ከመጠለያ ጣቢያ ነው። ስለዚህ የሴቶቹ ቡድናችን ጌዴኦ ዲላ በፕሪሚየር ሊጉ ከአዲስ አበባ ክለቦች ጋር ሲሰለፍ ሌላው ጎል ይቆጥር ነበር፤ እኔ ስሙን ነበር የምሰማው። ጌዴኦ የሚለው ስም በእርዳታ ስንዴ መዝገብ ላይ ሳይሆን በተጋጣሚ ዝርዝር ላይ፣ ከሌላው እኩል ተጻፈ! እኔ አገር የምለው ይሄንን ነው።

እስቲ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።