የሊቅ ሥራ በቍጥር ይለካልን?



ሊቃውንት የምርምር ውጤታቸውን ሲጽፉ፣ የተጠቀሙበትን የሌላ ሰው ሥራ በስም መጥቀስ ልማዳቸው ነው። አንድ የሕክምና ሳይንስ ተመራማሪም ስንት ጽሑፍ እንዳሳተመና ስንት ጊዜ እንደ ተጠቀሰለት ይቈጠራል። ብዙ ጊዜ ሹመትና የምርምር ገንዘብ የሚሰጠው ይህ ቍጥር ታይቶ ነው። ታዲያ ቍጥሩ እውነተኛ ዳኛ ነውን?

አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ኦሊቨር ሎውሪ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በ1951 እ.ኤ.አ. የፕሮቲንን መጠን መለኪያ ዘዴ አሳተመ። ይህ ጽሑፍ በ2014 በተደረገ ቈጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ አንደኛ ሆነ። ሎውሪ ራሱ ግን ጽሑፉ ታላቅ እንዳልሆነ አልሸሸገም። በአንጻሩ ዋትሰንና ክሪክ በ1953 የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ የገለጡበት ጽሑፍ፣ በዚያው ቈጠራ ከ100ዎቹ ቀዳሚዎች መካከል እንኳ አልገባም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥሩ ዘዴ እንደ መንደር ወፍጮ ነው፤ እህል ያለው ሁሉ ይመላለስበታል። ታላቅ ግኝት ግን በሁሉ ዘንድ ሲታወቅ፣ ከየት እንደ መጣ መጥቀሱ ይቀራል። እንግዲህ ቍጥሩ የሚነግረን ሥራው ለስንት ሰው እንደ ጠቀመ ነው፤ የሐሳቡን ጥልቀት ግን አይነግረንም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እኛም በማርክ የምንመዘን ነንና ነገሩ ይገባናል። ነገ ከመካከላችን ተመራማሪን ለመሾም የሚቀመጥ ቢኖር፣ ቍጥሩን ይመልከት፤ ነገር ግን ከመፍረዱ በፊት ጽሑፉን ገልጦ ያንብብ።